ቅርፊቱን በሥራው ቀን ላጥ

ልጄ፣ ቶርኖ ገዝተህ የእንጨት ገበቴ ልትሠራ መነሣትህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። የመሮ አያያዝ ከጎንህ ቆሞ በሚያሳይህ ሰው የሚለመድ ነገር ነውና በወረቀት አላስተምርህም። የምነግርህ ከዚያ በፊት ስላለው፣ ብዙ ጀማሪ ቸል ስለሚለው ሥራ ነው፤ ስለ ቅርፊት። እርጥብ ግንድ ገበቴ እስኪሆን ድረስ ከሚበላሽባቸው መንገዶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ቅርፊቱ ያለጊዜው ሲነሣ፣ ወይም ጊዜው ደርሶ ሳይነሣ ሲቀር ነው። ምክሬ ይህ ነው፦ ግንዱ እስከሚሠራበት ቀን ድረስ ቅርፊቱን እንደለበሰ ይቆይ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ቶርኖ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድም ሳይቀር ይላጥ።

ሰው ግንድ አግኝቶ ወደ ቤቱ ሲያመጣ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ መላጥ ነው። ልማዱ የመጣው ከአጣና ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ ቆራጭ አጣናውን እዚያው ደኑ ውስጥ፣ እርጥቡን ይልጠዋል፤ ልክም ነው። አጣና ቀጭን ነው፤ ለግድግዳና ለጣሪያ ነው የሚውለው፤ ጎኑ ቢሰነጣጠቅ ማንም ግድ አይለውም። ሳይላጥ ከከረመ ደግሞ ቅርፊቱ ይጣበቅና ከሥሩ ነቀዝ ይራባበታል። ለገበቴ የታሰበ ወፍራም ግንድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጣት ርዝመት ያላት ስንጥቅ ወደ ውስጥ ከዘለቀች ገበቴው ወጥ አይዝም፣ ውሃ አይዝም፤ ድካምህም ማገዶ ሆኖ ይቀራል።

ምክንያቱን ካወቅህ ሕጉን አትረሳውም። እርጥብ እንጨት የሚሸከመው ውሃ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ዛፍ ላይ ውሃው ብቻውን እንጨቱ ደርቆ ከሚመዝነው ይበልጣል። ከዚህ ውሃ ከፊሉ በእንጨቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለ ነው፤ እሱ ቢወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ አይኮማተርም። የቀረውን የጠጣው የቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ ነው። እርጥበቱ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ግድግዳው የጠጣውን መልቀቅ ይጀምራል፤ መኮማተርም ያኔ ይመጣል። ችግሩ መኮማተሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሆኑ ነው። የግንዱን ክብ ተከትሎ የሚጠበው ከመሃል ወደ ዳር ከሚጠበው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ በቁመቱ ግን ከምንም የሚቆጠር አይደለም። በዚህ ላይ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሊጠብ ይሞክራል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ቦታ አይለቅም። ያኔ ላዩ ይቀደዳል።

ቅርፊት ይህን ያዘገያል። የውጭው ንብርብር የሞተና ውሃ የማያሳልፍ ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ እርጥበቱን ሲጠብቅለት ኖሯል፣ ዛፉ ከተቆረጠም በኋላ ሥራውን አይተውም። ስለዚህ ግንዱ ውሃውን የሚያጣው በዋናነት በተቆረጡት ሁለት ጫፎቹ ነው። እንጨት በጫፉ በኩል ከጎኑ ይልቅ ከ10 እስከ 15 እጥፍ ፈጥኖ ይደርቃል። ጫፎቹን በቀለጠ ሻማ ወይም በተረፈ የዘይት ቀለም ወፈር አድርገህ ቀባቸው፤ ይህ በተቆረጠበት ዕለት የሚደረግ ነው፤ ስንጥቁ ከጀመረ ወዲያ መቀባት ብዙም አይረዳም። ግንዱን በገበቴ ልክ አትቆራርጠው፤ በረጅሙ ይቀመጥ። ጫፉ ጥቂት ቢሰነጠቅ እንኳ ያንን ቆርጠህ ስትጥል ከዚያ ወዲያ ያለው ጤነኛ ሆኖ ታገኘዋለህ። ድንጋይ ላይ አንሣው፣ ምስጥ አለና፤ ጥላ ውስጥም ይሁን።

ይህን ስል ግን ዓመት ይክረም ማለቴ አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ልጥና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነጭ እንጨት ስኳርና ስታርች የሞላበት ነው፤ ነፍሳትም ሻጋታም የሚመጡት ለእሱ ነው። ጥንዚዛ በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል ከሥሩ መንገድ እያበጀ ይሄዳል። ቆላ ላይ ከሆንክ ነጩ እንጨት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግራጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን ክብ ቀዳዳ፣ ከግንዱ ሥርም የረገፈ ዱቄት ካየህ ያን ዕለት ላጠውና ሥራው። እኔ ግንድ አከማችቶ ግቢውን የሚሞላ ሰው አልወድም፤ ዛፉም ያሳዝነኛል። ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ልትሠራው የምትችለውን ብቻ አምጣ።

አሁን ወደ መላጡ እንምጣ። ዛፍ የሚወፍረው በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ባለች፣ በዓይን ለመለየት በምታስቸግር ስስ ሽፋን ነው፤ የሥነ ሕይወት መምህራን ካምቢየም ይሏታል። ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ልጥ የምታበጀው እሷ ናት። ዝናብ ጠግቦ ዛፉ በሚያድግበት ወቅት ይህች ሽፋን ገና ባልጠነከሩ አዳዲስ ሴሎች ትሞላለች፤ ውሃም ታዝላለች። በሐምሌና በነሐሴ የተቆረጠ ግንድ ቅርፊቱ ብዙ ሳያታግል የሚለቀው ለዚህ ነው። በጥርና በየካቲት ግን እድገቱ ይቆማል፣ ሴሎቹ ይጠነክራሉ፣ ቅርፊቱም ሙጭጭ ይላል። ወንዝ ዳር የበቀለ ወይም በግቢ ውስጥ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ በበጋም ሊለቅልህ ይችላል፤ ስለዚህ በወር ስም ብቻ አትመን፣ ከተቆረጠው ጫፍ በኩል በጥፍርህ ሞክረው።

መላጫህን ራስህ አሠራ። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቁራጭ ይዘህ ቀጥቃጭ ዘንድ ሂድና ሦስት ጣት ያህል ስፋት ያለው፣ አፉ ትንሽ ክብ ብሎ የወጣ ጠፍጣፋ ብረት አስመታ፤ ክንድ የሚያህል እጀታ አግባበት። አፉን ቀጭን አድርገው እንጂ ስለት አታውጣለት። ይህን ስነግራቸው የሚገረሙ ልጆች አሉ። በበዓል ቀን በግ ሲገፈፍ አይተህ ታውቃለህ፤ የለመደ ሰው ቢላዋውን ለመክፈቻ ብቻ ይጠቀምበትና ከዚያ ወዲያ በጡጫው ነው በቆዳውና በሥጋው መካከል የሚገባው። እዚህም እንደዚያው ነው። የተሳለ ብረት ነጩ እንጨት ውስጥ ይሰምጣል፤ ያልተሳለው ግን የምትለቀውን ሽፋን ራሱ ፈልጎ በእሷ መንገድ ይሄዳል።

ከመጀመርህ በፊት ግንዱን በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፤ ጭቃ ካለው እጠበው። ከገበቴው ስፋት ትንሽ አስረዝመህ ቁረጥና በግንዱ መሃል ባለችው ለስላሳ ነጥብ በኩል በሽብልቅ ለሁለት ፍለጠው። ያች ነጥብ በገበቴው ውስጥ ከቀረች ስንጥቅ የሚነሣው ከእሷ ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱም ግማሽ ላይ ጥቂት ጥረብና አስወግዳት። ግማሹን ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ ታች አድርገህ ጉቶ ላይ አኑረው፤ እንዳይንሸራተት በጎንና በጎኑ እንጨት ምታበት። ቅርፊቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመጥረቢያ አፍ አንድ መስመር ሰንጥቀው፤ ብረቱ እንጨቱን ሲነካ ይብቃህ። ከዚያ የመላጫውን አፍ ከተቆረጠው ጫፍ በኩል አስገባና ከፊትህ እያራቅህ ግፋ፤ ሲገባ እጀታውን ዝቅ አድርገህ ቅርፊቱን ወደ ላይ አንሣው። በጉልበት አትመታው። ወቅቱ ከሰመረ እርጥብ ድምፅ እያሰማ ክንድ ሙሉ ቅርፊት በአንድ ጊዜ ይነሣልሃል። ከሥሩ የሚገለጠው እንጨት ነጭ፣ እርጥብ፣ ለእጅ የሚያሟልጭ ነው፤ አየር ሲያገኘው እያየኸው ወደ ቡናማ ይለወጣል። በዚያ ሰዓት ከባዱን ግማሽ ግንድ ብቻህን አታንሣው፤ ከእጅህ አሟልጮ እግርህ ላይ ይወድቃል።

ጉጥ ያለበት ቦታ ስትደርስ ቀስ በል። እዚያ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ በመላጫው አይወጣልህም፤ በጠባብ መሮ ዙሪያውን ቆርጠህ አውጣው። ሁለት ቅርንጫፍ በተቃቀፉበት መገናኛ ላይ ደግሞ ቅርፊት እንጨቱ ውስጥ ተውጦ ይገኛል። ከውጭ ሲያዩት ጥቁር መስመር ብቻ ይመስላል፤ ግን በዚያ መስመር ግራና ቀኙ አልተጋጠመም። ቶርኖ ላይ ሲዞር የሚከፈለው በዚያ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ካየህ ገበቴውን ከሌላ በኩል አውጣው፣ ካልሆነም ለማገዶ ተወው።

በበጋ የተቆረጠ፣ ሙጭጭ ያለ ቅርፊት ከሆነ መላጫውን አስቀምጥ። በግድ ስታነሣው ከነጩ እንጨት ጅማት እየነቀለ ይወጣል፤ ጉድጓዱን ለማጥፋት ደግሞ ውፍረት ታጣለህ። ያኔ ሁለት እጀታ ያለውን፣ ወደ ራስህ የሚሳበውን ስለት ወይም የተሳለ መጥረቢያ ያዝና በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ በስሱ በስሱ ጥረበው። ልጡ ቀላ ወይም ቡናማ ይላል፤ እንጨቱ ነጣ ይላል፤ ቀለሙ ሲለወጥ ደርሰሃል። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን የተጣራ ይሆናል።

«ቶርኖው ራሱ ይልጠው የለ?» የሚሉ አሉ። ይልጠዋል። የሚያደርጉትንም አውቃለሁ፤ በመካከላቸው እጃቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ለአንተ አልመክርም። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉማጅ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት የተላቀቀ የቅርፊት ቁራጭ የሚሄደው ወደ ፊትህ ነው። ቅርፊቱን ከጉማጁ ጋር የምታስረው ያች ደካማና እርጥብ ሽፋን ብቻ ናት፤ መሮህ ሲነካው ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ባንድ ጊዜ ሊነቀል ይችላል። ቅርፊት በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ስለሚሳሳም ጉማጁ ሚዛኑን ያጣና ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል። ቅርፊቱ ላይ ብሎን አስረህ ቶርኖው ላይ የምትሰቅለው ከሆነማ፣ የያዝከው ቅርፊቱን እንጂ እንጨቱን አይደለም።

መሮህንም አስብለት። ግንድ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው የሚመጣው፤ ቅርፊቱ በየስንጥቁ አሸዋና ጠጠር ይዟል። ስለህ ያበቃኸው መሮ አንድ ጠጠር ሲነካ ስለቱ ይሄዳል። ከዚህ የባሰው ከተማ ውስጥ የበቀለ ዛፍ ነው። በየግቢው ያለ ዛፍ የልብስ ማስጫ ሽቦ ሲታሰርበት፣ የአጥር ምስማር ሲመታበት፣ አምፖል ሲሰቀልበት ኖሯል፤ ዛፉም እየወፈረ ሁሉንም ውጦታል። አንድ የአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ከወደቀ ግንድ ቅርፊቱን ስናነሣ ሁለት ዙር ሽቦ ነጩ እንጨት ውስጥ ተቀብሮ አግኝተናል፤ ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። ምልክቱን ያሳየን ቀለሙ ነው። ብረት ከእንጨቱ ታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ያወጣል፤ እድፉም የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሮጣል። እንዲህ ያለ ቀለም በላጥከው እንጨት ላይ ካየህ ብረቱን ፈልገህ ሳታገኝ ቶርኖውን አታስነሣ። ቅርፊቱ ላዩ ላይ እንዳለ ግን ይህን ምልክት ከየት ታየዋለህ?

ጠርዛቸው ላይ ቅርፊት የቀረባቸውን ገበቴዎች አይተህ ይሆናል፤ ያምራሉ። እንዲህ ዓይነት መሥራት ካማረህ በበጋ የተቆረጠ ግንድ ምረጥ፣ ከመሬት ጋር አታነካካው፣ በቅርፊቱና በእንጨቱ መጋጠሚያ ዙሪያ ስስ ሱፐር ግሉ አጠጣበት፣ ግድግዳውንም አሳስተህ ባንድ ቀን ጨርሰው። ሆኖም ምግብ ለሚቀርብበት ገበቴ አልወደውም፤ በቅርፊቱ ውስጥ የሚገባው ቆሻሻና እርጥበት አይጸዳም። ለጌጥ ይሁን።

አሁን የላጥከው ጉማጅ በእጅህ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሰዓቱ ይቆጠርብሃል። ጠባቂው የለም። ፀሐይ ላይ ብትተወው ምሳ በልተህ እስክትመለስ ድረስ ፊቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቆች ሊያወጣ ይችላል። ስልክ ሲጠራህ እንኳ እርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ ጣልበት፤ ሥራው ወደ ነገ የሚያድር ከሆነ በፌስታል ጠቅልለህ ጥላ ውስጥ አኑረው። ነገ ስል ነገ ማለቴ ነው፤ በፌስታል ውስጥ ብዙ ከቆየ ይሻግታል። ቶርኖው ላይ ስታወጣው በዝግታ፣ በደቂቃ ከ400 ዙር ባልበለጠ ጀምር፤ ክብ ሲሆንና መንቀጥቀጡን ሲተው ትጨምራለህ። የፊት መከለያ ሳታደርግ አትቁም።

የመጀመሪያው ቀረጻ የመጨረሻው አይደለም። ግድግዳውን የስፋቱን አንድ አሥረኛ አስቀርተህ አውጣው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ሲደርቅ ቅርጹ ሞላላ ይሆናል፤ በአንድ አቅጣጫ ከመቶ 6 ቢጠብ እንኳ 1.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያስቀረኸው ውፍረት ያስፈለገው ያንን አቃንተህ እንደገና ክብ ለማድረግ ነው። ከራሱ ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተተውና ነፋስ በማይመታው ቦታ አስቀምጠው። በየሳምንቱ መዝነህ ክብደቱን እታቹ ላይ በእርሳስ ጻፍ። ቁጥሩ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል፤ ወፍራም ከሆነ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ብርጭቆ ወረቀትና ዘይት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ሳልነግርህ የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። ቅርፊት የሚላጠው ከተቆረጠ ግንድ ላይ ብቻ ነው። የቆመ ዛፍ ይለቅ አይለቅ እንደሆነ ለመሞከር ብለህ ዙሪያውን እንዳትልጠው። ቅጠሉ ያበጀው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በልጡ በኩል ነው፤ ዙሪያው ከተላጠ ሥሩ ይራብና ዛፉ ቀስ ብሎ ይሞታል። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ቆሞ እያለ ተገፏል፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ስምምነት ቁጥጥር ሥር የዋለው ለዚህ ነው። በእኛም አገር በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ ነበር። ዋንዛ ለገበቴ የሚወዳደረው የለም፤ ለመሮ ይገዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አያስቸግርም። ይሁንና ከሰው ማሳ ዳር ወድቆ ካላገኘኸው፣ ባለቤቱና የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካልፈቀዱልህ አትንካው።

ሁሉም ዛፍም አይላጥም። ቁልቋልና ቅንጭብ ነጭ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ ማየት እስከመከልከል ይደርሳል፤ አጠገባቸው አትድረስ። ማንጎ ደህና እንጨት አለው፣ ግን እርጥብ ቅርፊቱ የሚያወጣው ፈሳሽ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያቆስላል፤ ጓንት አድርግ። ባሕር ዛፍ በየቦታው ስላለ ያጓጓሃል፤ ቅርፊቱም በቀላሉ ይለቃል። ነገር ግን ግንዱ በውስጡ ተወጥሮ የሚያድግ ስለሆነ ሲፈለጥ ራሱ ይጣመማል፣ ሲደርቅም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ እጅህ እስኪጠነክር አቆየው።

ለጊዜው ጃካራንዳ ፈልግ። በየመንገዱ ዳር አለ፤ ቅርንጫፉ ሲከረከም ብዙ ጊዜ ለማገዶ ነው የሚሄደው፤ ጠይቀህ ውሰድ። ለስላሳ ነው፣ ነጣ ያለ ነው፣ መሮን አያስቸግርም፤ ነጭ እንጨቱ ግን ቶሎ ስለሚሻግት ከወሰድከው በቀናት ውስጥ ሥራው። ግራቪሊያም ጥሩ ነው፤ የቡና ጥላ ከሚያለሙ ገበሬዎች ታገኘዋለህ። የመጀመሪያዎቹን ገበቴዎች ከ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አታሳልፍ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ቀጥቃጩ ዘንድ ሂድና መላጫውን አስመታ፤ ለእጀታው ወይራ ካገኘህ እሰየው፣ ካላገኘህ ደረቅ ባሕር ዛፍም ይበቃል።